የሚያለቅሰው ሸክላ

የሱቄን ቁልፍ ለእህቴ ልጅ አስረክቤ ቤት መዋል ከጀመርኩ ወዲህ የሚያገኘኝ ሁሉ፣ ከዚያ ሁሉ ዘመን ምን አተረፍክ ይለኛል። የነጋዴ ጡረታ እንደ መንግሥት ሠራተኛ ጡረታ አይደለም። ለመንግሥት ሠራተኛ ደብዳቤ ይጻፍለታል፤ አለቃው ንግግር ያደርግለታል፤ የግድግዳ ሰዓት ይሰጡታል። ነጋዴ ግን አንድ ጠዋት የሱቁን መዝጊያ ማንሳት ያቅተዋል፣ በቃ፣ ጡረታ ወጣ ማለት ነው። የእኔ የሚለየው ከእኔ በፊት ዕቃዬ ጡረታ መውጣቱ ነው። ሸክላ ሻጭ ነበርኩ። የወጥ ሸክላ አይደለም፤ ዘፈን የሚቀረጽበትን፣ ጥቁሩንና ክቡን ነው የምላችሁ። ካሴት መጥቶ ገደለው። አሁን ካሴትንም የሚገድለው መጥቷል ሲሉኝ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አላዘንኩም።

ትምህርቴ የድሬዳዋ መንገድ ነው። ቤታችን ኦሮምኛ ነበር፤ አማርኛን ከባቡር ሠራተኞች፣ ሶማሊኛን ከግመል ነጂዎች፣ አረብኛን ከአለቃዬ ቁጣ ተማርኩ። ቀፊራ ገበያ ክርና ቁልፍ በትከሻዬ አዙሬያለሁ፤ አንድ ግሪክ ዘንድ ጠርሙስ አጥቤያለሁ፤ አንድ ህንድ ዘንድ ጨርቅ ለክቻለሁ። በመጨረሻ መጋላ ሰፈር ውስጥ ሐጂ ነስሩ የሚባሉ የየመን ሰው ሸክላ ቤት ገባሁ። ደመወዜ ምሳና ምክር ነበር። መጀመሪያ ላይ ምሳው ይሻል ነበር።

ሐጂ ነስሩ ዘፈን አያሞግሱም። ደንበኛ ገብቶ «ይኼ ጥሩ ነው?» ሲላቸው፣ «እኔ ሻጭ ነኝ፣ ምን አውቃለሁ» ብለው መርፌውን ያሳርፉና የሰውየውን እግር ያያሉ። ፊቱን ዞር ብለው አያዩትም። ጫማው መሬቱን መታ መታ ካደረገ ዋጋውን ይናገራሉ፤ ዝም ካለ ሸክላውን አንስተው ሌላ ያደርጋሉ። «አፉ ይከራከርሃል፣ እግሩ ግን ዋጋውን ተስማምቶ ጨርሷል» ይሉኝ ነበር። የሶማሌ ሹፌር፣ የሐረር ነጋዴ፣ የከዚራ የባቡር ጸሐፊ፣ የህንድ ፊልም ዘፈን የምትፈልግ የአረብ ሚስት፣ ሁሉም በዚያች በር ይገባል፤ ሁሉም በሌላ ቋንቋ ይጠይቃል፤ እግራቸው ግን አንድ ቋንቋ ነበር።

ሌላው ትምህርት ስለ ሙቀት ነው። የአዲስ አበባ ሸክላ ሻጭ ጠላቱ ሌባ ነው፤ የድሬ ሸክላ ሻጭ ጠላቱ ፀሐይ ነው። ሸክላ እንደ ቅቤ ነው፣ ትንሽ ካዘናጉት ቅርጹን ይረሳል። ሐጂ ሸክላዎቹን ቀጥ አድርገው ያቆማሉ እንጂ አያጋድሙም፤ የተጋደመ ጎኑን ይዞ ይቀራል። ቀትር ላይ ሱቁ ሲዘጋ በሩ ላይ ያራሱትን ጆንያ ይሰቅላሉ። ከመሸጣቸው በፊት ሸክላውን በሁለት መዳፋቸው ጠርዙን ብቻ ይዘው ወደ ዓይናቸው ደረጃ ያነሱና አናጢ ሳንቃ እንደሚያይ አሻግረው ያዩታል። ወለም ያለውን በሁለት የመስኮት መስተዋት መሐል አስገብተው ከላይ ለክብደት ያህል ያልጋለ የልብስ ካውያ ይጭኑበታል፤ በብርዱ ሰዓት ይመለሳል። ካልተመለሰ ለራሳቸው ያስቀሩታል። መንገድ ሲሄድም እንዲሁ ነው፤ በሁለት መስተዋት መሐል፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ። ጋዜጣ የሚገዙት ለመጠቅለያ ነበር። አንድ ቀን ስንት ጋዜጣ እንዳነበቡ ብጠይቃቸው፣ «እኔ እጠቀልልበታለሁ፣ የሚያነበው የገዛው ሰው ቤቱ ሲደርስ ነው» አሉኝ።

ዓይናቸው ሲደክም ሱቁን ለእኔ ተዉልኝና እሳቸው ደጅ ላይ ወንበር አውጥተው ተቀመጡ። የምነግራችሁ ነገር የሆነው ያኔ ነው፣ በጃንሆይ ዘመን፣ የአማርኛ ዘፈን ሸክላ እንደ ልብ መውጣት በጀመረበት ጊዜ።

የምድር ባቡር ጋራዥ ውስጥ ደምሴ የሚባል ፊተር ነበር፤ ደምሴ ቡሎን ነበር የምንለው። ዓመት ፈቃዱን ይዞ አዲስ አበባ ወጣና አንድ ሸክላ አስቀርጾ መጣ። «ነይ በጥላው በኩል» የሚል ዘፈን ነው። ቀትር ላይ ከዛፉ ጥላ ወጥታ በፀሐይ የምትሄድ ልጅ አይቶ የዘፈነው ነው፤

ፀሐዩ ሲበረታ ነይ በጥላው በኩል፣
እንዲያ ያለ መልክ ለምን ይቃጠል።

በቃ፣ ይኸው ነው። ምክር ነው። ደስ የሚል፣ እግር የሚያስመታ ምክር። ሱቄ ውስጥ ያንን ዘፈን ሰምቶ እግሩ ዝም ያለ ሰው አላየሁም።

ልጅቱ አስቴር ትባላለች። አባቷ አቶ ታደሰ የባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ ናቸው፤ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ከዚራ ነው ቤታቸው። ደምሴ ድሬዳዋ ውስጥ ዘመድ የለውም፤ ከሩቅ የመጣ ልጅ ነው። ስለዚህ ሽማግሌ ሁኑልኝ ብሎ እኛን ላከ፤ እኔን፣ ፀጉር አስተካካዩን ጋሽ በለጠን፣ በየሳምንቱ በጭነት መኪናው ዋሂል ከተማ ስለሚመላለስ ዑስማን ዋሂል የምንለውን ሹፌር። ሦስታችንም ከሰዓት በኋላ ሱቄ በረንዳ ላይ ተቀምጠን ስለ ዘፈን የምንከራከር ሰዎች ነን። ሌላ የሽማግሌነት ማስረጃ አልነበረንም። አቶ ታደሰ ግን በደህና ተቀበሉን፤ አስበን እንነግራችኋለን አሉ። ይህ በሽማግሌ ቋንቋ እሺ ለማለት ተቃርቧል ማለት ነው።

እንግዲህ በዚያው ሰሞን አንድ ጋዜጠኛ ከአዲስ አበባ መጣ። ለአንድ ምረቃ ነው የመጣው። ሱቄ ገብቶ የደምሴን ሸክላ ገዛ፤ በመስተዋት ልጠቅልልልህ ስለው ይከብደኛል ብሎ ብብቱ ሥር ሸጉጦት ወደ ባቡሩ ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ጋዜጣው መጣ። በለጠ ጸጉር ቤቱን ትቶ እየሮጠ ነው ያመጣው፤ ደንበኛው ግማሽ ራሱን ተላጭቶ ተከትሎታል።

ጋዜጣው የማይለው የለም። ደምሴ የሐረር ተወላጅ ነው ይላል፤ አይደለም። በማሲንቆ ታጅቦ ነው ይላል፤ አኮርዲዮን ነው። ፎቶግራፉ የከበሮ መቺው ነው። ይኼን ሁሉ እንለፈው። ዋናው ግን፣ ዘፋኙ በመጀመሪያው ግጥም ላይ ድምፁ እየተቆራረጠ ያለቅሳል፣ እየቆየ ራሱን ያጽናናል፤ ይህም በደቻቱ ጎርፍ የተወሰደችውን ፍቅረኛውን እያሰበ ነው፤ «ጥላው» የሚለውም የመቃብሯ ጥላ ነው ይላል።

«እኔ አላለቀስኩም» አለ ደምሴ። የቆመው በረንዳው ላይ ነው፣ እጁ ገና ግሪስ ነው።

በለጠ ጋዜጣውን አጥፎ እያየው፣ «አንተ አንድ ጊዜ ነው የዘፈንከው፣ እኔ መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ» አለው። «ታለቅሳለህ።»

«ጋሽ በለጠ፣ የሞተችብኝ ሴት የለችም እኮ።»

«ሐዘን ያስረሳል፣ አብሽር።»

ሐጂ ነስሩ ከወንበራቸው ሆነው ያዳምጡ ነበር። ጋዜጠኛው ሸክላውን በምን እንደያዘው ጠየቁኝ፤ በብብቱ አልኳቸው። ባቡሩ ላይ የት ተቀመጠ አሉ። አገር ማየት የሚፈልግ እንግዳ በመስኮት በኩል ነው የሚቀመጠው አልኩ። ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁ። ነገሩ ያኔ ነው የገባኝ። ሸክላ ፀሐይ ሲመታው መጀመሪያ የሚንጋደደው ጠርዙ ነው፤ መርፌውም የሚነሳው ከጠርዙ ነው። ድምፁ መጀመሪያ ላይ ይዋዥቃል፣ ወደ መሐል ሲገባ ይስተካከላል። ሰውየው ራሱን አላጽናናም፤ መርፌው ነው ደህና ቦታ የደረሰው። «ዘፈኑን ልብ ብሎ ቢሰማው ኖሮ በጥላው በኩል ይቀመጥ ነበር» አሉ ሐጂ።

ይኼን ለሰው ማስረዳት ግን ሌላ ሥራ ሆነ። ገበያው ተገለበጠ። ደንበኛ ይመጣል፣ ደህናውን ሸክላ ይሰማል፣ «ይኼ አያለቅስም፣ ዋናውን አምጣ» ይለኛል። የተሸጠ ሸክላ አስመሳይ ነው ተብሎ ይመለስልኛል። ቀስ እያሉ መላውን ራሳቸው ደረሱበት፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ለትንሽ ጊዜ አስጥተው ያወርዱታል፣ ያለቅሳል። አንዱ እንዴት ነው ልቅሶውን አብረህ የማትሸጠው ሲለኝ፣ እኔ የምሸጠው ቀጥ ያለውን ነው፣ ፀሐዩን ከሰማይ በነፃ ታገኛለህ አልኩት። በረንዳዬ ላይም ክርክሩ ሌላ ሆነ። ያለቅሳል አያለቅስም መሆኑ ቀርቶ፣ ልጅቱ የተወሰደችው በየትኛው ጎርፍ ነው ወደሚለው ተሻገሩ። ቀብሯ ላይ ነበርኩ የሚል ሰው ተገኘ።

አቶ ታደሰ ጋዜጣውን አንብበዋል። እሳቸው የታተመ ነገር ያምናሉ። ባቡሩ ዘግይቶ ሲገባ እንኳ የታተመውን የሰዓት ሠሌዳ አይወቅሱም፤ ያጠፋው ባቡሩ ነው። አስጠሩንና ልጄን ሌላ ሴት እያነባ ለሚኖር ሰው አልሰጥም አሉን። አስቴር ከዚያ ወዲያ እህል አልበላም ማለቷን ሰማን። ደምሴም ጋራዥ ውስጥ ቡሎን ማሰር እየረሳ ሁለት ጊዜ ተገሠጸ። አሁን ነገሩ የዘፈን ጉዳይ መሆኑ ቀረ።

ዑስማን ማረሚያ እናስወጣ ብሎ ቴሌግራም ለጋዜጣው ላከ። ቴሌግራም በቃል ልክ ስለሚከፈልበት አሳጥሮ፣ «ልጅቱ አልሞተችም። ዑስማን ዋሂል» አለ። ማረሚያው ወጣ። ባለፈው በጎርፍ ሞታለች ያልናት የዘፋኙ ፍቅረኛ በሕይወት መኖሯንና በአሁኑ ጊዜ ዋሂል እንደምትገኝ አረጋግጠናል፣ ይላል።

«ዋርያ፣ ልጅቱ የለችም አትልም ነበር?» አልኩት ዑስማንን። «ዋጋው እኮ ያው ነው።»

«ሞታለች ስላሉ ነዋ አልሞተችም ያልኩት» አለኝ። «እኔ የመለስኩት የተባለውን ነው፣ ወላሂ።»

አቶ ታደሰ ይኼን ሲያነቡ፣ የሞተችው ትሻል ነበር ብለዋል አሉ። ከሞተች ሴት ጋር ልጃቸው ተቻችላ ትኖር ይሆናል፤ ዋሂል ያለችው ግን ጠዋት ከተሳፈረች እስከ ቀትር ትደርሳለች።

እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ዕቃን በዕቃ ነው የማስረዳው። ቀጥ ያለ ሸክላና በባትሪ የሚሠራ ማጫወቻ ይዘን እንሂድ፣ ጆሯቸው ይፍረድ አልኩ። አቶ ታደሰም እሺ፣ አምጡት አሉ። ሸክላውን በዓይኔ አሻግሬ አየሁት፤ እንደ ውሃ የተኛ ነው። በሁለት መስተዋት መሐል አስገባሁት፣ በጨርቅ ጠቀለልኩት፣ ጋሽ በለጠ ጭኑ ላይ እንዲይዘው ሰጠሁት፣ እኔ ማጫወቻውን ያዝኩ፤ በጋሪ ወጣን።

የደቻቱን ነገር የማያውቅ አይገባውም። ድሬ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ላዩ ተራራ ላይ የዘነበው ዝናብ ድንገት ደረቁን አሸዋ ሞልቶ ይመጣል። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ጎርፉ መጥቷል፤ ከተማው በሙሉ ሊያየው ድልድዩ ላይ ወጥቶ ቆሟል። ጋሪ አያልፍም። ፀሐዩ እንደሆነ አናት ይሰነጥቃል። ያኔ ሰዉ ጋሽ በለጠን አወቀው፤ ጎርፍ፣ የደምሴ ሸክላ፣ የተወሰደችው ልጅ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣለት። «ይኸው እዚሁ ጋ ነው» ብሎ አንዱ እጁን ዘረጋ። የለም ወደ ታች ነው አለ ሌላው። ዑስማን ወርዶ ልጅቱ የለችም እያለ ሲከራከር ሊደበድቡት ደረሱ፤ እኔ እሱን ላስጥል ሄድኩ። በለጠ በበኩሉ ለሕዝቡ ሊያሳይ ሸክላውን ከመስተዋቱ አውጥቶ፣ ላዩ ላይ የተጻፈውን ስም አንብበው ሲጨርሱ የጋሪው ወንበር ላይ አስቀምጦት ጎርፍ ሊያይ ወረደ። ሰዉ ተበትኖ መንገድ ሲከፈት መልሶ ጠቅልሎት፣ እንደ ሕፃን አቅፎት አገኘሁት። ምንም አልጠረጠርኩም።

አቶ ታደሰ መነጽራቸውን አድርገው፣ ጋዜጦቹን ጉልበታቸው ላይ ደርበው ጠበቁን። አስቴርና እናቷ ከመጋረጃው ጀርባ ናቸው። ሁለት ቃል ተናገርኩ፤ ጌታው፣ ጆሮ ዳኛ ነው፣ ብዬ መርፌውን አሳረፍኩ።

ደምሴ አለቀሰ። በሕይወቴ ብዙ የተጣመመ ሸክላ ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ አምርሮ ያለቀሰ ግን አልሰማሁም። «ፀሐዩ» የምትለዋን ቃል ብቻ ሦስት ቦታ ተንሰቅስቆባታል። ወዲያው ወደ መሐል ሲገባ ተጽናና።

«ይኸው» አለ በለጠ። ለማን እንደመጣ ረስቶታል። ፊቱ ላይ ያለው ደስታ ነው።

አቶ ታደሰ መነጽራቸውን አወለቁ። «ሙክታር፣ ይኼን ልታሰማኝ ነው ጎርፍ የተሻገርከው?» አሉኝ።

ስለ ሙቀት፣ ስለ ጠርዝ፣ ስለ መስተዋት ላስረዳ ጀመርኩ። እየተናገርኩ ሳለሁ ራሴን ስሰማው የሌባ ምክንያት ይመስላል። ትኬቱን ንፋስ ወሰደብኝ የሚላቸውን ተሳፋሪ የሚያዩበት ዓይን አለቻቸው፤ በእሷ ነው ያዩኝ። ወጣን። ብዙ ዕቃ ከስሮብኛል፣ ሱቄ ተቃጥሎ ያውቃል፤ እንደዚያ ቀን ግን ከከዚራ የመውጫው መንገድ ረዝሞብኝ አያውቅም። ደምሴ ሻይ ቤት ይጠብቀን ነበር። ፊታችንን አይቶ የሻዩን ሒሳብ ከፈለ።

ሐጂ ነስሩ ሁሉንም ሰምተው እንዲህ አሉኝ። «ሸክላ ያበላሸውን ሸክላ አያቃናውም። ሰውየውን ውሰደው።»

በደንቡ ይህ አይሆንም። ሽማግሌ ሲላክ የሚያገባው ሰው ከሽማግሌው ጋር አይሄድም፤ ነውር ነው። ሦስት ቀን አሰብኩበትና ደምሴን የሥራ ልብሱን አስለብሼ ባዶውን የማጫወቻ ሣጥን አሸክሜ ወሰድኩት። አቶ ታደሰ በራቸው ላይ ቆመው፣ እሱ እዚህ ምን ይሠራል አሉ።

«እሱ አልመጣም፣ አቶ ታደሰ» አልኳቸው። «የመጣው ማጫወቻው ነው። ሸክላው በፀሐይ ስለሚበላሽ እንጀራ የሚበላውን ማጫወቻ አመጣንልዎ።»

ሕግ የሚወድ ሰው ሕጉ የተጣሰበትን ዘዴ ካሳመረለት አንዳንዴ ያሳልፋል። ግቡ አሉን። ግቢው ውስጥ ጥላ ሥር አቆሙትና እሳቸው ወንበራቸውን ፊት ለፊቱ፣ እጅግ አቅርበው አስቀመጡ፤ ጋዜጦቹንም ጉልበታቸው ላይ ደርበው ተቀመጡ። ዓይኑን እያዩ፣ በል አሉት።

አኮርዲዮን የለ፣ ከበሮ የለ። ደምሴ አፉን ከፈተና «ፀሐዩ» ሲል ድምፁ ተንቀጠቀጠ። ሊያስተካክለው ሞከረ፣ ባሰበት። «ጥላው» ጋ ሲደርስ ጭራሽ ተሰበረ። ከሸክላው የባሰ ነው። በለጠ ይኸው ሊል አፉን ሲከፍት ዑስማን በክርኑ ጎሸመው።

አቶ ታደሰ እጃቸውን አንስተው አስቆሙት። «ይኼኛውስ ልቅሶ ለማን ነው?» አሉ።

መልሱ ከቤቱ በር መጋረጃ ጀርባ መጣ።

«ለእርስዎ ነው አባዬ» አለች አስቴር። «እርስዎን ፈርቶ ነው። እኔ ፊት ሲዘፍነው ድምፁ አይንቀጠቀጥም።»

አቶ ታደሰ ቀስ ብለው ወደ መጋረጃው ዞሩ።

«አንቺ ፊት የዘፈነው መቼ ነው?»

እናትየው ሳል አላት። ደምሴ መሬቱን ያያል፤ ዑስማን ዛፉን ያያል፤ እኔ ባዶውን ሣጥን እንደ አዲስ መመርመር ያዝኩ። አቶ ታደሰ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያለ ትኬት የተሳፈረ ሰው ሲይዙ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ባቡሩ ከተነቃነቀ በኋላ የተገኘ ተሳፋሪን ከማስወረድ ሒሳቡን ማስከፈል እንደሚሻል ያውቃሉ። ጋዜጦቹን ከጉልበታቸው አንስተው ወንበሩ ሥር አደረጓቸው።

«ቀን ቁረጡ» አሉን። ትንሽ ቆይተው፣ «ቶሎ» አሉ።

መርቀን፣ ተመርቀን ልንወጣ ስንል ደምሴን አንተ ቆይ አሉት። እኛ አጥሩ ጥግ ቆመን ጠበቅነው። ከውስጥ፣ እንደገና በለው፣ አሁን ማንም አይበላህም ሲሉት ሰማን። ደምሴ ጀመረ። ቀጥ ያለ፣ ጥርት ያለ ድምፅ፤ ፀሐዩም ጥላውም ሳይነቃነቁ ወጡለት። በአጥሩ ቀዳዳ አጮልቄ የማየው እግር ነው፤ የአቶ ታደሰ ጫማ አፈሩን መታ መታ ያደርጋል።

በለጠ ዓይኑን ጨፍኖ እስከ መጨረሻው አዳመጠ። ሲያልቅ በሐዘን ራሱን ነቀነቀ።

«ዘፈነ፣ አልዘፈነም አይባልም» አለ። «ግን እንደ ዋናው አይደለም።»